የድያፍራም ልኬት በአልትራሳውንድ፦ በመተማ ቆላ «ጤነኛ» የሚባለው ማን ነው?

ድያፍራም ደረትን ከሆድ የሚለይ፣ እንደ ጉልላት ወደ ላይ የጎበጠ ስስ ጡንቻ ሲሆን፣ ሰው አየር በሳበ ቁጥር ወደ ታች እየወረደ ለሳንባ ቦታ የሚያሰፋው በዋናነት እርሱ ነው። ይህን ጡንቻ ያለ ጨረርና ያለ ሕመም ለማየት ከሚያስችሉ መሣሪያዎች መካከል፣ እንደ መተማና ቋራ ላሉ ከትልልቅ ከተሞች ለራቁ ወረዳዎች ይበልጥ የሚስማማው በእጅ ተይዞ ሊጓጓዝ የሚችለው አልትራሳውንድ ነው።

የሚለካው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ውፍረቱ ሲሆን፣ ፕሮቡ (ቆዳ ላይ የሚያርፈው የመሣሪያው ክፍል) በታችኞቹ የጎን አጥንቶች መካከል ሲቀመጥ ጡንቻው በሁለት ብሩህ መስመሮች መካከል እንደ ጠቆር ያለ ንጣፍ ይታያል፤ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያበቃና አየር በሙሉ ኃይል ሲሳብ የተገኙት ውፍረቶች ሲነጻጸሩም የጡንቻው የመኮማተር አቅም ይታወቃል። ቡንና ባልደረቦቿ በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 150 ጤነኞችን መርምረው፣ ትንፋሽ ሲያበቃ ለሚኖረው ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትርን ዝቅተኛ ወሰን አድርገዋል። ሁለተኛው የጡንቻው የእንቅስቃሴ ርቀት ነው፤ በፈረንሳይ ቡሱዥና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. 210 ጤነኞችን ለክተው፣ በቀኝ በኩል በጥልቅ ትንፋሽ ለወንዶች በአማካይ 7.0፣ ለሴቶች 5.7 ሴንቲ ሜትር አግኝተዋል።

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ መተማና ቋራ ወደሚገኙበት ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ማምጣት ግን አደጋ አለው። አካባቢው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውና ጣፊያን እጅግ የሚያሳብጠው የካላዛር ቀጠና ነው፤ ወባም እንዲሁ ጣፊያን ያሳብጣል። የቀኙ ድያፍራም በጉበት በኩል በቀላሉ ሲታይ፣ የግራው የሚታየው በጣፊያ በኩል በምትገኝ ጠባብ መስኮት ብቻ ስለሆነና የጨጓራ አየርም ስለሚጋርደው፣ ተመራማሪዎች ጥርት ብሎ ያልታየውን ምስል ብዙውን ጊዜ ይተዋሉ። ያበጠ ጣፊያ ግን መስኮቱን ያሰፋዋል፤ ስለዚህ ጥርት ያለውን ምስል ብቻ የሚሰበስብ ጥናት፣ ሳያውቀው ሕመምተኞችን ከጤነኞች መዝገብ ውስጥ አብዝቶ ሊያስገባ ይችላል። ያበጠው ጣፊያ ጡንቻውን ወደ ላይ ስለሚገፋው ልኬቱም አብሮ ይዛባል። ስለሆነም ድያፍራሙ ከመለካቱ በፊት በዚያው መሣሪያ የጣፊያው ርዝመት መለካት ይኖርበታል፤ ይህ የሚጠይቀው ተጨማሪ ጊዜ ጥቂት ነው።

ሌላው ጥያቄ የተመርማሪው የትውልድ ቦታ ነው። በሰሊጥና በጥጥ እርሻዎች ላይ ከቆላው ተወላጅ ጎን ለጎን ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የወረደ ሠራተኛ በብዛት ይገኛል። ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትን የደባርቅን ነዋሪዎች 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከአዲ አርቃይ ነዋሪዎች ጋር አነጻጽረው፣ የደገኞቹ ደረትና የሳንባ አቅም ሰፋ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። በመተማ የሚሰበሰብ ልኬት እንግዲህ፣ ከዕድሜ፣ ከጾታና ከቁመት ጋር፣ ሰውየው ያደገበትን ከፍታና ወደ ቆላ የወረደበትን ወር አብሮ መመዝገብ አለበት።