የጥርስ ጥምርታ በቢኤምኤክስ ብስክሌት

የጥርስ ጥምርታ በእንግሊዝኛ «ጊር ሬሾ» ለሚባለው ልክ የቀረበ የአማርኛ ስያሜ ነው። በፔዳሉ በኩል ያለው ጥርሳም ክብ የያዘው የጥርስ ብዛት፣ በኋላ ጎማው ሞዞ ላይ ላለው ጥርሳም ክብ የጥርስ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ከፊት 44፣ ከኋላ 16 ጥርስ ያለው ብስክሌት ጥምርታው 2.75 ይሆናል፤ ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የኋላ ጎማው ሁለት ዙርና ሦስት ሩብ ይዞራል ማለት ነው። ሲጻፍ የፊቱ ቁጥር ይቀድማል፤ 44/16 «አርባ አራት በአሥራ ስድስት» ተብሎ ይነበባል።

«ጥምርታ» በሒሳብ ትምህርት የታወቀ ቃል ነው፤ «ጥርስ» ደግሞ ማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ የሚናገረው። በጋራዥ የተለመደው «ማርሽ» ለዚህ አይመችም። ማርሽ ሲባል የሚቀያየር ነገር ይታሰባል፤ ቢኤምኤክስ ግን በጉዞ ላይ የሚቀየር ማርሽ የለውም። ባለቤቱ የመረጠው አንድ ጥምርታ ለመነሻም፣ ለዳገትም፣ ለዝላይም ያገለግላል። ስለዚህ በዚህ ብስክሌት ላይ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ የጋላቢውን እግር በቀጥታ የሚነካው የጥርስ ለውጥ ነው ማለት ይቻላል።

ቢኤምኤክስ የተወለደው በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ልጆች ባለ 20 ኢንች ጎማ ብስክሌቶቻቸውን ይዘው በአፈር መንገድ ላይ የሞተር ብስክሌት ውድድርን መኮረጅ ጀመሩ። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ የኦሎምፒክ ስፖርት ሆነ፤ ትርኢታዊው ፍሪስታይል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ተጨመረ። የጎማው መጠን ግን ያው 20 ኢንች ነው፤ ጥምርታውም ለዓመታት 44/16 ሆኖ ቆይቷል። አየር የተሞላ ባለ 20 ኢንች ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 1.55 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ይህ በ2.75 ሲባዛ አንድ የፔዳል ዙር ብስክሌቱን ወደ 4.26 ሜትር ያስኬዳል። ከዚህ በታች ያለው ጥምርታ መነሻን ያቀላል፣ በፍጥነት ጊዜ ግን እግርን ያስሮጣል። ከዚህ በላይ ያለው መነሻው ይከብዳል፤ አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን በጥቂት ዙር ብዙ መንገድ ይጓዛል።

ተመሳሳይ ጥምርታ በተለያየ የጥርስ ብዛት ሊገኝ ይችላል። 36/13 ሲካፈል 2.77፣ 33/12 ሲካፈል 2.75፣ 30/11 ሲካፈል 2.73፣ 28/10 ሲካፈል 2.80፣ 25/9 ሲካፈል 2.78 ይሰጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሸጋገረ ጋላቢ በእግሩ የሚሰማው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። የሚለያየው የክቦቹ መጠን ነው። በአነስተኛ ክቦች ተመሳሳይ ጥምርታ ማግኘት በፍሪስታይል ጋላቢዎች ዘንድ «ማይክሮ ድራይቭ» ይባላል፤ በአማርኛ «አነስተኛ ጥንድ» ቢባል ነገሩን ይገልጸዋል። ጥርሶቹ ራሳቸው አያንሱም፤ በሁለት አጎራባች ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ከካቴናው ቀለበት ጋር ስለሚገጥም በሁሉም ላይ 12.7 ሚሊሜትር ነው። የሚያንሰው የጥርሱ ቁጥርና የክቡ ስፋት ነው።

አነስተኛው ጥንድ የተፈለገው ከመንገድ ላይ ጨዋታ የተነሳ ነው። ፍሪስታይል ጋላቢ በብረት ሐዲድና በሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ይንሸራተታል፤ ሲሳሳት ወይም ሆን ብሎ ሲያርፍ ጠርዙን የሚመታው በፔዳሉ በኩል ያለው ጥርሳም ክብ ነው። ባለ 44 ጥርስ ክብ ስፋቱ 178 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ባለ 25 ጥርሱ 101 ብቻ ነው። ስለዚህ የክቡ ታችኛ ጫፍ ከመሬት ወደ 4 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ካቴናውም በ17 ሴንቲሜትር ገደማ ያጥራል፤ የብረቱ ክብደትም አብሮ ይቀንሳል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ትልቁ ጥቅም ያች 4 ሴንቲሜትር ናት። የተመታ ክብ ይጣመማል፣ የተጣመመ ክብ ካቴና ይጥላል፣ ካቴና የጣለ ብስክሌት ደግሞ በዝላይ መካከል ጋላቢውን ለአደጋ ያጋልጣል።

ይህ ለውጥ ቀድሞ ያልተደረገው በኋላ ሞዞው አሠራር ምክንያት ነው። በርካሽና በድሮ ብስክሌቶች ላይ የኋላው ጥርስ «ፍሪዊል» በሚባል፣ በሞዞው ላይ በጥርብ (እንደ ብሎን በተቀረጸ ጠመዝማዛ መስመር) በሚጠበቅ ዕቃ ላይ ይገኛል። ፔዳሉ ሲቆም ጎማው እንዲዞር የሚያደርጉት ምላሶችና የብረት ኳሶች በጥርሱ ክብና በሞዞው ጥርብ መካከል ተጠቅጥቀው ስለሚቀመጡ ክቡን ከተወሰነ በላይ ማሳነስ አይቻልም። በተለመደው ሰፊ ጥርብ ላይ ዝቅተኛው 16 ጥርስ ነው፤ ጥርቡ ራሱ ሲጠብብ ወደ 13 ይወርዳል። «ካሴት» የተባለው ሞዞ ችግሩን የፈታው ምላሶቹን ከጥርሱ ሥር አውጥቶ ወደ ሞዞው ሆድ በማስገባት ነው። ጥርሱ «ድራይቨር» ከሚባል አጭር ቱቦ ጋር አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ይሠራል፤ በውስጡ ዘንጉና ኩሽኔታው ብቻ ስለሚያልፉ 9 ጥርስ ድረስ ይወርዳል። ከዚህ የተነሳ ባለ ፍሪዊል ብስክሌትን ወደ 25/9 ማምጣት የፊቱን ክብ ከመቀየር ያለፈ ነው፤ የኋላው ሞዞ መቀየር አለበት፣ ሞዞ ሲቀየር ደግሞ ጎማው ሽቦው ተፈትቶ እንደገና መሠራት አለበት ወይም ሙሉ ጎማ ይገዛል። ከዕቃ መሸጫ ባለ 25 ጥርስ ክብ ብቻ ገዝቶ ከኋላ 16ቱን የተወ ሰው 1.56 ጥምርታ ይዞ ይቀራል፤ እግሩ በከንቱ ይሽከረከራል እንጂ ብስክሌቱ ብዙም አይሄድም።

ጥምርታው እኩል ነው ማለት ጭነቱ እኩል ነው ማለት አይደለም። ጋላቢው ፔዳሉን በተመሳሳይ ኃይል ቢረግጥም የፊቱ ክብ ሲጠብብ ካቴናውን የሚስበው ኃይል በዚያው መጠን ይጨምራል፤ ከ44 ወደ 25 ሲወረድ ጭማሪው 1.76 እጥፍ ነው። ያንን ኃይል ከኋላ የሚቀበሉት ጥርሶች ደግሞ ከ16 ወደ 9 ወርደዋል። ሁለቱ ሲባዙ በአንድ የኋላ ጥርስ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ካቴናውም የባሰ ይታጠፋል፤ በ16 ጥርስ ላይ እያንዳንዱ ቀለበት 22.5 ዲግሪ ሲታጠፍ በ9 ጥርስ ላይ 40 ዲግሪ ይታጠፋል። አነስተኛ ጥንድ ቶሎ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥራት ያለው ድራይቨርና ካቴና የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

የውድድር ብስክሌተኞች ሰፊዎቹን ክቦች ያልጣሉት አንድም ሐዲድ ላይ ስለማይንሸራተቱ ነው፤ ሌላው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው። ሰፊ ክብ ጥምርታን በጥቂት በጥቂቱ ለማስተካከል ያስችላል። ከ44/16 ወደ 45/16 መሄድ ጥምርታውን በ2.3 በመቶ ብቻ ይለውጣል፤ ከ25/9 ወደ 26/9 መሄድ ግን በ4 በመቶ። ከመነሻው በር እስከ መድረሻው አንድ ደቂቃ በማይሞላ ውድድር፣ እንደ መነሻው ዳገት ቁመትና እንደ ጋላቢው ጉልበት አንድ ጥርስ መጨመር ወይም መቀነስ ትርጉም አለው።

ጥርስ ሲቀየር ካቴናው አብሮ ይታያል። በተለመደው ካቴና ላይ ጠባብና ሰፊ ቀለበት እየተፈራረቀ ስለሚሄድ ማሳጠር የሚቻለው ሁለት ሁለት ቀለበት፣ ማለትም 25.4 ሚሊሜትር እየቆረጡ ነው። የኋላ ጎማው ዘንግ በፍሬሙ መግቢያ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ለዚያ የማይበቃ ከሆነ «ሃፍ ሊንክ» የሚባለው፣ በአንድ በኩል ጠባብ በሌላው ሰፊ የሆነ ነጠላ ቀለበት ይገባና ርዝመቱ በ12.7 ሚሊሜትር ብቻ ይለወጣል።

ውጥረቱ የሚስተካከለው የኋላ ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ነው። በፍሪስታይል ብስክሌት ላይ የተለመደው ባለ 14 ሚሊሜትር ዘንግ ዳዶው በ17 ቁልፍ ይፈታል። ሁለቱም ዳዶዎች ላላ ይደረጋሉ፣ ጎማው ይሳባል፣ በሁለቱ የፍሬሙ ክንዶች መካከል እኩል መቆሙ ይታያል፣ ከዚያ ዳዶዎቹ በየተራ ይጠብቃሉ። ቀጥሎ ፔዳሉ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል። የትኛውም ክብ ፍጹም እኩል ስላልሆነ ካቴናው በአንድ ቦታ ይወጠራል፣ በሌላው ይላላል፤ ልኩ የሚወሰደው በጣም በተወጠረበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ የካቴናው መካከል በጣት ሲጫን 1 ሴንቲሜትር ያህል መውረድ አለበት። ምንም ካልወረደ የሞዞው ኩሽኔታ ያለ ጊዜው ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ከወረደ ደግሞ ከዝላይ ሲታረፍ ካቴናው ይወልቃል።

የካቴና ዕድሜ በዓይን አይታወቅም፤ በማስመሪያ ይለካል። አዲስ ካቴና ላይ ከአንድ ፒን መሃል ተነሥቶ 24 ቀለበት ሲቆጠር 304.8 ሚሊሜትር ይሆናል። ያገለገለው የሚረዝመው ብረቱ ተስቦ ሳይሆን ፒኖቹና በዙሪያቸው ያለው ብረት እየተፋቁ ስለሚሳሱ ነው። ልኩ ወደ 306.4 ሲደርስ ካቴናው ቢቀየር ጥርሶቹ ይተርፋሉ። 308 ከደረሰ ግን ጥርሶቹም ወደ አንድ ጎን ሹል ሆነው እንደ መንጠቆ መቆልመም ጀምረዋል፤ በእነሱ ላይ አዲስ ካቴና ቢገባ ይዘላል፣ ራሱም ቶሎ ያልቃል። በአነስተኛ ጥንድ ላይ ቀድሞ የሚቆለመመው የድራይቨሩ ጥርስ ስለሆነ የመጀመሪያው ምርመራ ከዚያ ይጀምራል። በአብዛኞቹ የካሴት ሞዞዎች ላይ ድራይቨሩ ለብቻው ተነቅሎ ስለሚቀየር ሞዞውንና ጎማውን መጣል አያስፈልግም።