ከውኃ የወጣው የብረት መስቀል

በጀርመን አገር ከወንዝና ከሐይቅ ወለል በማግኔት ብረት የሚያወጡ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ የዛገ ኒሻን ያገኛሉ። ማግኔት ወርቅንም፥ ብርንም፥ ነሐስንም ስለማይስብ፥ በእርሱ ተስቦ የወጣው ኒሻን ብረት እንዳለበት ይታወቃል። ቅርጹ መስቀል ከሆነ አስቀድሞ የሚታሰበው የፕሩሲያው የብረት መስቀል ነው።

ይህን ኒሻን ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሣልሳዊ ያቆመው ከናፖሌዎን ጋር በተዋጋበት ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1813 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ሴቶች የወርቅ ጌጣቸውን ለጦርነቱ ሰጥተው በምትኩ የብረት ጌጥ ይቀበሉ ነበርና፥ ብረት የመሥዋዕትነት ምልክት ሆነ። ኒሻኑም በማዕርግ ሳይለይ ለመኰንንም ለተራ ወታደርም ተሰጠ። በኋላም በ1870፥ በ1914ና በ1939 ታደሰ። ይሁን እንጂ 1813 የሚለው አኃዝ በኋለኞቹም በአንደኛው ገጽ ላይ ስለሚገኝ፥ ሌላውን ገጽ ሳይመለከቱ ዘመኑን መወሰን ያሳስታል።

የመስቀሉ ብረት በብር ጠርዝ የተከበበ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ማዕድኖች በውኃ ውስጥ ሲነካኩ ብረቱ ፈጥኖ ይበላል። ከውኃ ከወጣም በኋላ በዝገቱ ውስጥ የቀረው ጨው ከአየሩ እርጥበት ጋር ሆኖ ጥፋቱን ይቀጥላል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ የሚፍቅ ሰው ግን አኃዙንም አብሮ ይፍቀዋል። ስለዚህ የጥበቃ ባለሙያዎች አስቀድመው በራጅ ይመረምሩታል፤ ጨዉን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በተበጠበጠበት ውኃ ያወጡለታል፤ አድርቀውም በሰም ይሸፍኑትና በደረቅ ሥፍራ ያኖሩታል። አኃዙ የጠፋበት መስቀል ናፖሌዎንን የተዋጋውን ዘማች ከሂትለር ወታደር ሊለይ አይችልምና።