መድኃኒት በሒሳብ ሲመዘን

አንድ በሽተኛ መድኃኒት ወስዶ ቢድን ያዳነው መድኃኒቱ ነውን? ወይስ ያለ መድኃኒትም ይድን ነበር? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሊቃውንትን ብዙ ዘመን አድክሟል። እኛም የዘንድሮ ተመራቂዎች መልሱ እንዴት እንደ ተገኘ ባጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የመርከብ ሐኪም፣ ድድ በሚያደማው በስከርቪ በሽታ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈለና ለየክፍሉ ልዩ ልዩ ነገር ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ከሁሉ ፈጥነው ዳኑ። ነገር ግን ልዩነቱ እንዲህ ጎልቶ ባይታይ ኖሮ በሁለት ሰዎች ብቻ እንዴት ይፈረድ ነበር?

ለዚህ ሒሳብ አስፈለገ። በ1900 ካርል ፒርሰን፣ በተጠበቀውና በተገኘው ቍጥር መካከል ያለው ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ መቻሉን የሚመዝን ስሌት አወጣ። ቀጥሎም ሮናልድ ፊሸር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ አድልዎ እንዳይገባ የሙከራው መሬት በዕጣ እንዲመደብ አስተማረ።

ይህ ዘዴ ከእርሻ ወደ ሐኪም ቤት መግባቱን የሚያሳየው ታላቅ ምሳሌ የሳምባ ነቀርሳ ነው። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 በአሜሪካ ተገኘ። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር የደረሰው ግን ጥቂት ስለ ነበረ ለሁሉ አይበቃም ነበር። ስለዚህ የስታቲስቲክስ ሊቅ የሆነው ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል፣ ራሱም በወጣትነቱ በዚሁ በሽታ የታመመ ሰው፣ በሽተኞቹ በዕጣ እንዲለዩ አደረገ። ዕጣው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ስለ ነበረ ሐኪሙ አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። ራጁን ለሚመረምሩትም የማን መሆኑ አይነገራቸውም ነበር።

ከ107 በሽተኞች 55ቱ መድኃኒቱንና የአልጋ ዕረፍትን፣ 52ቱ ዕረፍትን ብቻ አገኙ። በስድስት ወር ውስጥ ከፊተኞቹ 4፣ ከኋለኞቹ 14 ሞቱ። መድኃኒቱ ከንቱ ቢሆን ኖሮ 18ቱ ሞት ዘጠኝ ዘጠኝ ያህል ሆኖ ይካፈል ነበር። ይህን የሚያህል ልዩነት በአጋጣሚ የሚደርሰው ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። ውጤቱም በ1948 ታተመ።

ይሁን እንጂ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቈጠር ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ 35 ሞተው ነበር። እኛ ስናሰላው እንዲህ ያለው ልዩነት ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል። ምክንያቱም የበሽታው ተሐዋስያን መድኃኒቱን ተላምደውት ነበርና ነው። በ1950 የታተመ ሌላ ሙከራ ግን፣ ፓስ የተባለ መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ መላመዱ እንደሚቀንስ አሳየ። ዛሬም ነቀርሳ የሚታከመው ብዙ መድኃኒት በአንድነት በመስጠት ነው።

መድኃኒቱ ያልደረሳቸው 52 ሰዎች በሙከራ ውስጥ መሆናቸው አልተነገራቸውም ነበር። ዛሬ የበሽተኛው ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ይህም ተገቢ ነው። ቍጥሮቹ ሰዎች ነበሩና።

እንግዲህ «ይህ መድኃኒት አዳነኝ» የሚል ስንሰማ፣ «ያልወሰዱትስ እንዴት ሆኑ?» ብለን መጠየቅን እንልመድ።