የትውውቅ ዘፈን

«የጭብጥ ዘፈን» የሚል ስያሜ በየትርጉሙ እያጋጠመኝ ነው። በፊልም፣ በካርቱን ወይም በቪዲዮ ጌም መግቢያ ላይ የሚሰማውን ዘፈን ለመሰየም ነው የሚጠቀሙበት። ባነበብኩት ቁጥር ይከነክነኛል። ሁለቱም ቃላት ለየብቻቸው ያማሩ ናቸው፤ ሲጣመሩ ግን ለአማርኛ ጆሮ ምንም አይነግሩም።

ጭብጥ «ጨበጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ በእጅ የገባ፣ በመዳፍ የተያዘ። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ቃሉን ወስደው፣ መጽሐፉ ተነቦ ሲያበቃ አንባቢው ጨብጦት ለሚቀረው ዋና ሐሳብ ስም አደረጉት፤ ግሩም አደረጉ። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጭብጥ ሲጠየቅ ምን እንደተጠየቀ የማይገባው ተማሪ የለም። እንግሊዝኛው ግን «ቲም» የሚለውን አንድ ቃል ለሁለት ነገር ያውለዋል፤ ለድርሰቱ ዋና ሐሳብም፣ በሙዚቃ ውስጥ እየተመላለሰ ለሚሰማው ዋና ዜማም። «ቲም ሶንግ» የዜማው ወገን ነው። ተርጓሚው የድርሰቱን ቃል አንስቶ ለዜማው ሰጠው። ገና ታሪኩ ሳይጀመር የሚዘፈነው ዘፈንም ታሪኩ ካለቀ በኋላ በሚጨበጥ ነገር ተሰየመ።

ለጠቅላላው ዓይነት «መለያ ዜማ» ይበቃናል። «ለየ» ከሚለው ግስ ነው፤ የእግር ኳስ ቡድን የሚለብሰውንም መለያ እንለዋለን። የሬዲዮ ፕሮግራም መለያ ሲሰማ፣ አቅራቢው አፉን ሳይከፍት ፕሮግራሙ ይታወቃል። «ማጀቢያ» የሚሉም አሉ፤ ማጀቢያ ግን ከታሪኩ ጎን ለጎን እየሄደ የሚያጅብ ሙዚቃ ስለሆነ እዚያው ፊልም ውስጥ ሥራው ላይ ይቆይ።

እኔን ያስጨነቀኝ ከመለያ ዜማ ጠበብ ያለ አንድ ዓይነት ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን በየተራ በስማቸው እየጠራ፣ እያሳቀ የሚያቀርብ ዘፈን። ከታወቁት አንዱ «ዲኬ ራፕ» ነው። የእንግሊዙ ሬር ኩባንያ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1999 ለኒንቴንዶ 64 የወጣው «ዶንኪ ኮንግ 64» የሚከፈተው በዚህ ዘፈን ነው። ሙዚቃው የግራንት ከርክሆፕ፣ ግጥሙ የጆርጅ አንድሪያስ ነው። የኮንግ ቤተሰብ አምስት ዝንጀሮ መሰል ገጸ ባሕርያት አንድ አንድ አንጓ ይደርሳቸዋል። መሪው ዶንኪ ይቀድማል፤ ሰውነቷን ማሳነስ የምትችለው ታይኒ፣ ለዛ ቢስ ተብሎ የሚቀለድበት ግን በእጆቹ ቆሞ የሚሄደው ላንኪ፣ ከቀደሙት ጌሞች የሚታወቀው ዲዲ ይከተላሉ፤ ጉልበተኛው ቸንኪ ይደመድማል። ጨዋታው ሲጀመር ዶንኪ ብቻውን ነው፤ አራቱን ከታሰሩበት ማስፈታት የተጫዋቹ ሥራ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ማንን ሊያስፈታ እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቀው ከዘፈኑ ነው። ከርክሆፕ ሥራው ለቀልድ የታሰበ እንደነበር ተናግሯል፤ ቁም ነገር አድርገው ያዩትና ያጣጣሉት ግን ጥቂት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው የሱፐር ማሪዮ ፊልም ውስጥ ዘፈኑ ሲሰማ፣ በመጨረሻው የስም ዝርዝር ላይ የጌሙ ስም ተጠቅሶ የአቀናባሪው ስም ቀረ። ከርክሆፕ ቅሬታውን በይፋ ገለጸ፤ እውነቱን ነው።

እንዲህ ላለው ዘፈን ምን እንበለው? መጀመሪያ የሚመጣው «ማስተዋወቂያ ዘፈን» ነው። ሥሩ ትክክል ነው፤ አስተዋወቀ ማለት በሁለት ሰዎች መካከል ገብቶ አንዱን ለሌላው አሳወቀ ማለት ነው። ችግሩ ቃሉን ገበያው ወስዶታል። ዛሬ ማስተዋወቂያ ሲባል የሚታየን ሳሙናና የዋጋ ቅናሽ ነው። «ፉከራ» ያለኝም ሰው ነበር። ፎካሪ ግን ዘራፍ ብሎ ተነሥቶ የራሱን ጀግንነትና የራሱን ዘር ይቆጥራል፤ እዚህ ስለ አምስቱ የሚናገረው ሌላ ነው፣ ደግሞም ላንኪን ያሽሟጥጣል። ማን ራሱን እያሽሟጠጠ ይፎክራል? «መልክእ»ም ታስቦኝ ነበር፤ ቅዱሱን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ «ሰላም» እያለ የሚያወድሰው የግእዝ ድርሰት ማለቴ ነው። ቅርጹ ይስማማል፤ የጸሎትን ስም ለጌም ማዋል ግን ተገቢ አይደለም።

ከኛ ባህል ለዚህ ዘፈን በጣም የሚቀርበው የአዝማሪ ሥራ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከእንግዳ እንግዳ ይዞራል፤ ስም ይጠይቃል፤ አንዱን ያወድሳል፣ ሌላውን ይጎነትላል፤ ቤቱ ሲሞቅ ተለያይተው የገቡት ሰዎች ይተዋወቃሉ። «አዝማሪ» የባለሙያው ስም ስለሆነ ለዘፈኑ ልንሰጠው አንችልም፤ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ግን አማርኛ ሰይሞታል፤ ትውውቅ።

ስለዚህ «የትውውቅ ዘፈን» እላለሁ። ተሳሰረ ትስስርን፣ ተባበረ ትብብርን እንደወለዱ፣ ተዋወቀም ትውውቅን ወልዷል። የመካከሉ ድምፅ ሲደገም ነገሩ ከሁለት ወገን መሆኑ በጆሮ ይሰማል። «የትውውቅ መድረክ»፣ «የትውውቅ ፕሮግራም» እያልን ስንጠቀምበት ስለኖርን ማንም መዝገበ ቃላት አይገልጥም። ቋንቋችን ዘፈንን በሚሠራው ሥራ መሰየም ያውቅበታል፤ ለሐዘኑ ሙሾ፣ ሕፃን ለማስተኛት እሹሩሩ፣ ለትካዜ እንጉርጉሮ አለው። ይህን ያህል ስም ያወጣ ቋንቋ የሌላውን ቃል በቃል እየገለበጠ ሲጨነቅ ማየት ያሳዝነኛል።

ቃሉ ግን ወሰን አለው። ኮጂ ኮንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ለ«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የደረሰው ዝነኛ ዜማ የትውውቅ ዘፈን አይደለም፤ ስም አይጠራም፤ እሱ መለያ ዜማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ፖርታል» ደግሞ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተቀናቃኟ ማሽን ራሷ የምትዘፍነው፣ ጆናታን ኮልተን የደረሰው ዘፈን አለው። እሱን «የመዝጊያ የጭብጥ ዘፈን» ብሎ የሚተረጉም ከመምጣቱ በፊት «የስንብት ዘፈን» እንበለው።