የድረ ገጽ የጽሑፍ ሣጥንና የውጭው ኤዲተር ታሪክ

በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው አንድ ሰው በድረ ገጽ ሣጥን ሊጽፍ ያሰበውን ነገር እጁ በለመደው በሌላ ኤዲተር ጽፎ ወደ ሣጥኑ የሚመልስበትን ዘዴ ነው። ኤዲተር የምንለው ጽሑፍ ለመጻፍና ለማረም ብቻ የተሠራውን ፕሮግራም ነው። ነገሩ ለብዙ ሰው የባለሙያዎች ጣጣ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ሰዓት የደከመበት ጽሑፍ መሥመሩ ሲቋረጥ ከሣጥኑ ጋራ የጠፋበት ሰው የጥያቄውን ክብደት ያውቀዋል፤ ይኸውም የመጻፊያው ቦታ የጸሐፊው ነው ወይስ የተቀባዩ የሚለው ነው።

ዘዴው ከድረ ገጽ በፊት የነበረ ነው። ኬን ቶምሰን በ1969 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በቤል ላቦራቶሪ ለዩኒክስ «ኢዲ» የተባለውን ኤዲተር ሠራ። በ1976 ቢል ጆይ በበርክሌይ «ቪአይ»ን መሥራት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ «ኢማክስ» ተወለደ። ወዲያውም ከርት ሾንስ በበርክሌይ አንድ የደብዳቤ መላኪያ ፕሮግራም አዘጋጀ። የዚህ ፕሮግራም የራሱ መጻፊያ ደካማ ነበረ፤ ያለፈውን መሥመር ተመልሶ ማረም አይቻልበትም ነበር። ሆኖም ጸሐፊው በመሥመር መጀመሪያ ላይ አንድ ምልክትና አንድ ፊደል ቢመታ፣ ፕሮግራሙ እስከዚያ የተጻፈውን በጊዜያዊ ፋይል ያኖረዋል፤ ተጠቃሚው የመረጠውን ኤዲተር ጠርቶ ፋይሉን ይከፍትለታል፤ ታርሞ ሲዘጋም መልሶ ያነበዋል። የሚጠራውን ኤዲተር የሚመርጠው ጸሐፊው እንጂ የደብዳቤው ፕሮግራም አልነበረም። ኋላ የመጡት ዘዴዎች አብዛኞቹ ከዚህ አሠራር የተቀዱ ናቸው።

ድረ ገጽ ሲመጣ ይህ ልማድ ተቋረጠ። በኖቬምበር 1995 ቲም በርነርስ ሊና ዳን ኮኖሊ ያዘጋጁት የኤችቲኤምኤል 2.0 ደንብ ወጣ፤ የጽሑፍ ሣጥኑም በዚህ ደንብ ተወስኖ እናገኘዋለን። ደንቡ ለምሳሌ ያቀረበው ሣጥን ቁመቱ 6 መሥመር፣ ወርዱ 64 ፊደል ሲሆን፣ በውስጡ የሚጻፈውም የአንድ መሥሪያ ቤት አድራሻ ነበረ። ከዚህ ምሳሌ ሣጥኑ ለምን ያህል ጽሑፍ እንደ ታሰበ መገመት ይቻላል። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ዋርድ ከኒንግሃም የመጀመሪያውን ዊኪ ከፍቶ ሰዎች ሙሉ ገጽ በሣጥን ውስጥ እንዲጽፉ አደረገ፤ በ2001 ደግሞ ዊኪፔዲያ ተከተለ። ለአድራሻ በተለካው ሣጥን ላይ የመዝገበ ዕውቀት ሥራ ተጫነበት ማለት ነው።

የድሮውን ልማድ ጠብቀው የቈዩት በጽሑፍ መስኮት የሚሠሩት ብራውዘሮች ናቸው። በ1992 ከካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሊንክስ ሣጥኑን በውጭ ኤዲተር ለመክፈት የሚያስችል ቍልፍ ኋላ ተጨመረለት። ጃፓናዊው አኪኖሪ ኢቶ የሠራው «ደብልዩ ሦስት ኤም» ግን ከዚህ አልፎ ሄደ፤ ተጠቃሚው ሣጥኑን ሲነካ በቀጥታ ኤዲተሩን ይከፍትለታል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ቅን የሆነው ይህ ነው፤ የማይችለውን ሥራ እችላለሁ አይልምና።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ሌላም ጥቅም ነበረው። የግዕዝ ፊደል በ345 ምልክቶች ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ኢማክስ ግን በ1997 በወጣው በ20ኛው እትሙ፣ በላቲን ፊደል በድምፁ የተመታውን ወደ ግዕዝ የሚለውጥ መጻፊያ ይዞ ነበር። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የግዕዝ መክተቢያ ያልተጫነበት ሰው ፊደሉን በኤዲተሩ ውስጥ ያገኘው ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ጽሑፉን በሌላ ቦታ ጽፎ ገልብጦ መለጠፍ ይበቃል ይላሉ። ለአንድ ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን ጽሑፉ አምስትና ስድስት ጊዜ በሚታረምበት ጊዜ ሁለት ቅጂ ይኖራል፤ አዲሱ የትኛው እንደ ሆነ የመጠበቁ ሥራም በጸሐፊው ላይ ይወድቃል። ለፋየርፎክስ የተሠሩት ተጨማሪ ፕሮግራሞች ይህን ድካም ለማስቀረት የታሰቡ ነበሩ። ከእነርሱ በጣም የታወቀው «ኢትስ ኦል ቴክስት» ነበር፤ ከሣጥኑ ጥግ ትንሽ ቍልፍ ያኖራል፤ ጸሐፊው ቍልፉን ሲጫን ኤዲተሩ ይከፈታል፤ ፋይሉን ባስቀመጠ ቍጥርም ሣጥኑ ይታደሳል።

በኖቬምበር 2017 ፋየርፎክስ በ57ኛው እትሙ የድሮዎቹን ተጨማሪ ፕሮግራሞች መቀበል አቆመ፤ «ኢትስ ኦል ቴክስት»ም በዚያው ቀረ። ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ የፈለገውን ፕሮግራም ማስነሣት የሚችል ተጨማሪ፣ ክፉ ሰው ቢሠራው ብዙ ጥፋት ያደርሳልና። ክሮምም እንዲህ ያለውን ፈቃድ በቀጥታ አይሰጥም፤ ስለዚህ ለክሮም የተሠራው የኢማክስ ማገናኛ ኢማክስ ራሱ አስቀድሞ ተነሥቶ በ9292 ቍጥር በር ላይ እንዲጠብቀው ያስፈልገዋል። «ጎስት ቴክስት»ም እንደዚሁ ከኤዲተሩ ጋራ በ4001 በር ይገናኛል፤ እርሱ ግን ፋይሉ እስኪቀመጥ ሳይጠብቅ፣ የተመታውን ሁሉ እዚያው በዚያው በሁለቱም ወገን ያሳያል። «ፋየርንቪም» ደግሞ መንገዱን ገልብጦታል፤ ጽሑፉን ወደ ኤዲተሩ በመውሰድ ፈንታ፣ የቪአይን ዘር ኒዮቪምን አምጥቶ በሣጥኑ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል።