«ከቀኝ ወደ ግራ» ወይስ «ከዙሩ በተቃራኒ»? ስለ ራውተር መመሪያ ቃላት

በእንጨት ላይ ቦይ የሚያወጣው የእጅ መሣሪያ በእንግሊዝ አናጢዎች ዘንድ «የአሮጊት ጥርስ» ይባል ነበር፤ ስያሜው ከመሣሪያው ሥር ብቅ ካለችው አንዲት ምላጭ የመጣ ነው። ምላጯን የሚገፋው የሠራተኛው ክንድ ብቻ ስለ ነበረ የዙር አቅጣጫን የሚገልጽ ቃል አላስፈለገም። በ20ኛው መቶ ዓመት ሞተር ሲገጠምለት ግን ምላጩ በደቂቃ ከ20,000 ጊዜ በላይ ለመሽከርከር በቃ፤ አቅጣጫም የደኅንነት ጉዳይ ሆነ።

ራውተሩ በእጅ ተይዞ የሳንቃን የውጭ ጠርዝ ሲቀርጽ፣ ከጠርዙ ፊት ለፊት የቆመው ሠራተኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ተገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር ሲታሰር ግን ከላይ ለሚያየው ዙሩ ይለወጣል፤ አሁን የሚገፋው ሳንቃው ነው፤ እሱም በመደገፊያው ፊት ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ተርጓሚ ሁለቱን መመሪያዎች ቢያቀያይር፣ ምላጩ ሳንቃውን ከሠራተኛው እጅ ነጥቆ ሊወረውር፣ ጣትንም ሊስብ ይችላል።

«ቀኝ» እና «ግራ» መቆሚያን ይከተላሉ፤ «ከምላጩ ዙር በተቃራኒ» የሚለው ግን መሣሪያው ቢገለበጥም እውነትነቱን አያጣም። ስለሆነም በፍቺም ሆነ በመመሪያ ይህ ሐረግ እንዲቀድም፣ ቀኝና ግራም የሠራተኛው አቋቋም ተገልጾ እንዲከተሉ እናሳስባለን።