ገጸ ውኃ ማባበያ

ቶፕወተር፦ ባስ የተባለውን ዓሣ በሚያጠምዱ አሜሪካውያን ዘንድ ቃሉ ሁለት ነገር ይጠራል፤ ከውኃው ገጽ ሳይወርድ የሚሠራውን ሰው ሠራሽ ማባበያና በእርሱ ማጥመድን። ለመጀመሪያው «ገጸ ውኃ ማባበያ»፣ ለሁለተኛው «የገጸ ውኃ አጠማመድ» እንላለን። አቀራረጹ እንደ «ገጸ ምድር» ነው።

«ተንሳፋፊ ማባበያ» ለጆሮ ይቀላል፤ ነገር ግን ያሳስታል። ክራንክቤይት ከሚባሉት ማባበያዎች ብዙዎቹ ሲተዉአቸው ይንሳፈፋሉ፤ ክሩ ሲጠቀለል ግን ከፊት ያለው ምላሳቸው ውኃውን እየገፋ ወደ ታች ያጠልቃቸዋል። በዝቤይት የሚባለው ማባበያ በተቃራኒው ቆም ሲል ይሰምጣል፤ ሲጎተት ግን ምላጩ እየተሽከረከረ ከላይ ያቆየዋል፤ ስለዚህ ከገጸ ውኃ ይመደባል። «የውኃ ወለል» ብንል ለአንዱ ላዩ፣ ለሌላው ታቹ ይታየዋል። «ላዕላይ» ደግሞ እንደ ላዕላይ አዋሽ የወንዙን መነሻ ያሳስባል። እንግዲህ መለያው ማባበያው የሚሠራበት ቦታ ነው፤ የመሣሪያው ምርጫም ከዚሁ ይመነጫል።

መቼ ይሠራል? ባስ ከታች ሆኖ ከበላዩ የሚያልፈውን እንቁራሪት፣ ነፍሳትና ትንንሽ ዓሣ አድብቶ የሚይዝ አዳኝ ነው። ውኃው ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ወደ ላይ ለመምታት ይደፍራል። ንጋት፣ ምሽትና ደመናማ ቀን የተሻሉ ናቸው፤ ማዕበል ሲበዛ ግን የማባበያው ድምፅና እንቅስቃሴ ይጠፋል።

የትኛው ማባበያ? ፖፐር አፉ ጎድጓዳ ነው፤ ዘንጉን ነቅነቅ ሲያደርጉት ውኃ ይተፋል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይቆማል። ለረጋ ውኃና ለተወሰነ ቦታ፣ ለምሳሌ ለወደቀ ግንድ ዳር፣ ይመረጣል። እንደ ዛራ ስፑክ ያለው ሲጋራ መሳይ ማባበያ ክሩ ላላ እያለ በአጭር በአጭሩ ሲነቀነቅ ግራና ቀኝ ይዞራል፤ ሰፊና ክፍት ውኃ ለመፈተሽ ይመቻል። በዝቤይት ሳይቆም ስለሚጎተት ብዙ ቦታ በፍጥነት ያዳርሳል። ውስጡ ባዶ የሆነው ባለ ለስላሳ አካል «እንቁራሪት» የተባለው ማባበያ መንጠቆዎቹ ወደ ላይ ከጀርባው ጋር ተጣብቀው ስለሚቀመጡ፣ ሌላው በሚጠላለፍበት ጥቅጥቅ ያለ የውኃ ሣር ላይ ያልፋል።

ክር፦ ፍሎሮካርቦን ስለሚሰምጥ የፖፐርን አፍንጫ ወደ ታች ይጎትታል፤ ለዚህ ሥራ አይመከርም። ናይለን ቀስ ብሎ ስለሚሰምጥና ስለሚለጠጥ ባለ ሦስት ጥፍር መንጠቆ ላላቸው ማባበያዎች ይስማማል። የተጎነጎነ ክር ይንሳፈፋል፣ አይለጠጥም፤ ለእንቁራሪት ከ50 እስከ 65 ፓውንድ የሚችለው የተለመደ ነው፤ ዓሣውን ከነሣሩ መጎተት ስለሚያስፈልግ።

ዘንግ፦ ለፖፐር ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጫፉ የሚለመጥ መካከለኛ ዘንግ ይበቃል። ጫፉ ሲለመጥ ዓሣው ማባበያውን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ለእንቁራሪት ግን ጠንካራ ዘንግ ይያዛል።

ዓሣው መትቶ ውኃው ሲፈነዳ እጅ ወዲያው መሳብ ይፈልጋል፤ ያኔ ማባበያው ከዓሣው አፍ ይወጣል። ክብደቱ በክሩ ላይ እስኪሰማ ጠብቆ መሳብ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ የፖቶማክ ወንዝ በባስ የታወቀ ነው፤ የውኃ ሣሩም ብዙ ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዕድሜው 16 የሞላ አጥማጅ በአጠቃላይ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለጀማሪ አንድ መካከለኛ ዘንግ፣ ናይለን ክርና አንድ ፖፐር ይበቃዋል፤ ሣር ውስጥ መግባት ሲያምረው ለእንቁራሪት ሁለተኛ ዘንግ ይጨምር።